አጋር በአጥራችን ሥር

(ንባብ፦ ዘፍ. 21፥8-21፤ ሩት 2፥1-16፤ ሉቃ. 2፥1-7)



በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን አዲስ አበባ በጢስ ትሸፈናለች። በ1911 ዓ.ም. ሕዝቡን የፈጀው የኅዳር በሽታ ካለፈ ወዲህ በቅዱስ ሚካኤል ዕለት ቆሻሻን ጠርጎ ማቃጠል ልማድ ሆኖ ቆይቷል። ባለፈው ኅዳርም የቁምስናችን ወጣቶች መጥረጊያና አካፋ ይዘው ወጡ፤ የግቢውን ቅጠል፣ ከአጥሩ ውጭ በቦዩ ዳር የተከማቸውንም ፌስታልና ወረቀት ሁሉ ሰብስበው አቃጠሉ። ሥራቸው መልካም ነበረ፤ እኔም አመስግኛቸዋለሁ። ወደ ማታ ግን አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ወደ በሩ መጣች። ከአጥራችን በስተ ውጭ፣ የዝናቡ ውኃ መውረጃ አጠገብ፣ ለወራት ስታድር ኖራለች። እኛ የቆሻሻ ክምር ነው ብለን ያቃጠልነው ቤቷን ነበር።

ከእሳቱ ውስጥ የገባው ይህ ነበር፦ ሁለት ካርቶን፣ አንድ ላስቲክ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ የሕፃኑ ልብሶች፣ በወር አበባዋ ጊዜ የምትጠቀምባቸው አጥባ ያጠፈቻቸው ጨርቆች፣ እንዲሁም የልጇ የክትባት ካርድ። እኔ ደንግጬ ካርቶንና ብርድ ልብስ በማስፈለግ ላይ ሳለሁ እርሷ፣ «አባ፣ ካርቶኑስ ሌላ ይገኛል፤ ካርዱ ነው የከፋኝ፤ ጤና ጣቢያ ስሄድ ማን ብዬ እገባለሁ?» አለችኝ። ስለ ጨርቆቹ ለእኔ አልነገረችኝም። ያን የሰማሁት በኋላ ከሴት መምህራችን ነው።

ይህን የምጽፈው ወጣቶቹን ለመውቀስ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ለመቀደስ በዚያ በር ስገባ አያት ነበር፤ ስሟን ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። ወቀሳው ከእኔ ይጀምራል። በኖላዊ ሰንበት፣ ስለ መልካሙ እረኛ በምንሰብክበት ዕለት፣ በቁምስናችን የተናገርኩትን ቃል በዚህ ጽሑፍ ሰፋ አድርጌ ላቀርብላችሁ የተነሣሁትም ስለዚህ ነው።

ስለ ጎዳና ተዳዳሪዎች ስንናገር ሁሉንም በአንድ ቃል እንጠቀልላቸዋለን። ቃሉን ስንሰማም በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው፤ ወይ የሚለምን ሽማግሌ፣ ወይ ማስቲሽ የሚስብ ጎረምሳ። በዚህም ምክንያት ምጽዋታችን ለወንድ ልክ የተሰፋ ልብስ ሆኗል፤ ዳቦ፣ አሮጌ ኮት፣ ጥቂት ሳንቲም። ርኃብና ብርድ በእርግጥ ወንድና ሴት አይለዩም። ነገር ግን ሴት ቤት ስታጣ ከጣሪያው ጋር አብረው የሚፈርሱ ሌሎች ነገሮች አሉ። ገላን የሚሸሽግ ግድግዳ ይፈርሳል፤ ከሌሊት የሚጠብቅ መዝጊያ ይፈርሳል፤ የእናትነት መብትም ሳይቀር ይናጋል። በ1987 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የመጠለያ ዓመት በታሰበ ጊዜ፣ የቅድስት መንበር የፍትሕና የሰላም ጳጳሳዊ ኮሚሽን ስለ መኖሪያ ቤት ችግር አንድ ሰነድ አውጥቶ ነበር። ርእሱ ቤት ስላጣው ወንድምህ ምን አደረግህ የሚል ጥያቄ ነው። ቤት ማጣትም የዕድል ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የፍትሕ ጉዳይ መሆኑን ያስተምራል። «ስለ እኅትህስ?» ብለን ብንጨምርበት ሰነዱ የሚቃወመን አይመስለኝም።

መጽሐፍ ቅዱስ ከቤት ስለ ተባረረች ሴት በግልጽ የሚነግረን ገና በመጀመሪያው መጽሐፍ፣ በአጋር ታሪክ ነው። አጋር ግብፃዊት ናት፤ በሰው አገር፣ በሰው ቤት አገልጋይ ናት። ከቤቱ ጌታ ወለደች፤ ልጇም የቤቱን ሰላም የሚያውክ ተደርጎ ተቆጠረ። ከዚያም በማለዳ እንጀራና የውኃ አቁማዳ ተሰጥቷት፣ ከነልጇ ተሰናበተች። በቤርሳቤህ ምድረ በዳ ተቅበዘበዘች፤ ውኃው ባለቀ ጊዜም ልጇን ከቁጥቋጦ ሥር አስቀምጣ ሞቱን ላለማየት ፈቀቅ ብላ ተቀመጠችና አለቀሰች። እግዚአብሔር የሕፃኑን ድምፅ ሰማ፤ ዓይኗንም ከፈተላትና የውኃ ጕድጓድ አየች። ቀደም ሲል ነፍሰ ጡር ሳለች በሸሸች ጊዜም እግዚአብሔርን የሚያየኝ አምላክ ብላ ጠርታው ነበር (ዘፍ. 16)። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ለእግዚአብሔር ስም አውጥታ የምናገኛት የመጀመሪያዋ ሰው ይህች ከቤት የወጣች አገልጋይ ናት። ትምህርተ ክርስቶስ ስታስተምሩ በዚህ ላይ ትንሽ ብትቆዩ እወዳለሁ፤ ልጆች ስለ አብርሃም እምነት ብዙ ይሰማሉ፣ ስለ አጋር ግን ጥቂት ነው።

እንግዲህ በየቤታችን ያለችውን አጋር አስቡ። ከገጠር በልጅነቷ መጥታ፣ አውቶቡስ ተራ በደላላ እጅ ገብታ፣ በማድ ቤት ወይም በኮሪደር ፍራሽ ዘርግታ የምታድረውን ማለቴ ነው። ለሌላው ሠራተኛ ሥራ ማጣት ደመወዝ ማጣት ነው፤ ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ለእርሷ ግን ሥራውና አልጋው በአንድ ሰዓት ይጠፋሉ። ብርጭቆ በመሰበሩ፣ ወጥ በማረሩ፣ ወርቅ ጠፋ በመባሉ፣ ይልቁንም ሆዷ ገፍቶ በመታየቱ ምክንያት ከምሽቱ በአንድ ሰዓት ልብሷን በፌስታል ቋጥራ ውጪ የተባለች ልጅ፣ በሦስት ሰዓት የት እንዳለች የሚጠይቅ የለም። ያስረገዛት የቤቱ ልጅ ወይም የቤቱ ጌታ ሲሆን ደግሞ እርሱ እራቱን በልቶ ይተኛል። በዚህ አገር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ (ቁጥር 1156) ለትርፍ ባልሆነ የግል አገልግሎት የሚቀጠሩትን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጎ ጉዳያቸውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሚያወጣው ደንብ ትቶታል። የማስጠንቀቂያ ጊዜዋና የዕረፍት ቀኗ ስለዚህ በእመቤቲቱ ኅሊና ላይ የተንጠለጠለ ነው። ይህን ጽሑፍ የምታነብቡ ብዙዎቻችሁ ሠራተኛ አላችሁና ኅሊናችሁን መጠየቅ የእኔ ግዴታ ነው። ማሰናበት ግድ ቢሆን እንኳ ማታ አይሁን፤ ደመወዟን ሳትጨርሱላት፣ የምታርፍበትንም ዘመድ ሳታረጋግጡ አይሁን።

ይህ ነገር በባሕር ማዶም ያው ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ሊባኖስ በኢኮኖሚ ውድቀትና በኮሮና ወረርሽኝ በተጨነቀች ጊዜ፣ ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው አሠሪዎች ኢትዮጵያውያት ሠራተኞቻቸውን በመኪና አምጥተው በቤይሩት በቆንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። ሻንጣቸውን ተንተርሰው በመንገድ ዳር ያደሩት እኅቶቻችን ሥዕል ዓለምን ዞሯል። ከፋላ በሚባለው ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዳቸው ከአሠሪው ጋር የተቈራኘ ነበርና ከቤቱ በወጡ ጊዜ ሕጋዊነታቸውም አብሮ ወጣ። እኛም አዘንን፤ ማዘናችንም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ያን ዜና እያየን ቡና ስታፈላልን የነበረችው ልጅ ምን እያሰበች ይሆን?

አንድ አስቸጋሪ ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በመጀመሪያው ሽሽቷ መልአኩ አጋርን ወደ እመቤቷ እንድትመለስ ይነግራታል። ይህን ቃል ይዘው ከዱላ የሸሸችን ሚስት፣ ከመደፈር ያመለጠችን ሠራተኛ፣ «ተመለሺና ታገሺ» የሚሉ ሽማግሌዎች፣ አዝናለሁ፣ ካህናትም አሉ። ያ ቃል በዚያ ሰዓት ለአጋር ከትልቅ ተስፋ ጋር የተሰጠ ነው፤ በሁለተኛው መውጣቷ ግን እግዚአብሔር አልመለሳትም፤ እዚያው በምድረ በዳው ውኃ አሳያት፣ ከልጁም ጋር ሆነ። ሴት ወደ ጎዳና የምትወጣው ብዙ ጊዜ ጎዳናውን መርጣ ሳይሆን ቤቱ ከጎዳናው ስለ ከፋባት ነው። ስለዚህ አስቀድመን ልንጠይቃት የሚገባው «ለምን ወጣሽ?» ብለን ሳይሆን «ማን ያስፈራሻል?» ብለን ነው።

ስለ ሌሊቱ ልናገር። ወንዱ በረንዳ አዳሪ ካርቶኑን ዘርግቶ ሊተኛ ይችላል፤ ሴቲቱ ግን አትተኛም። ከብዙዎቹ እንደ ሰማነው፣ አንዷ ስትተኛ ሌላዋ ትጠብቃለች፤ ብቻዋን የሆነችው ደግሞ መብራት ወዳለበት ቦታ እየተዘዋወረች ታነጋለች፤ ፀሐይ ስትወጣ፣ ሰው ሲበዛ፣ ያን ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ወይም በአውቶቡስ ማቆሚያ ትጋደማለች። እኛም ከቅዳሴ ስንወጣ አይተን፣ «በዚህ በጠራራ ፀሐይ ተኝታ! ጉልበት እያላት!» እንላለን። ሌላዋ ከሌሎቹ ወንዶች ሁሉ ለመዳን ለአንዱ ወንድ ትሰጣለች። «ባል አላት እኮ» ይባላል። የሚመታትና ያገኘችውን የሚቀማት ቢሆንም፣ ትታው ብትሄድ የሚጠብቃት ምን እንደ ሆነ ታውቃለች። ስለ እርሷ የሥነ ምግባር ትምህርት ከማዘጋጀታችን በፊት ያን ሌሊት አንድ ጊዜ ማሰብ ይገባናል።

በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 19 ላይ ከመድረክ የማይሰበክ ታሪክ አለ። አንድ ሌዋዊ ከቁባቱ ጋር ሲጓዝ መሽቶበት በጊብዓ አደባባይ ተቀመጠ፤ የሚያሳድረው ግን ጠፋ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ከእርሻ ሲመለስ አይቶ፣ በአደባባይ እንዳያድሩ ለምኖ ወደ ቤቱ አስገባቸው፤ የከተማውን ሌሊት ያውቅ ነበርና። ክፉዎቹ በሩን በከበቡ ጊዜ ግን በውስጥ የነበሩት ወንዶች ራሳቸውን ለማዳን ያችን ሴት አሳልፈው ሰጡ። ሲነጋ በቤቱ ደጃፍ ወድቃ፣ እጇ በመድረኩ ላይ ተዘርግቶ ተገኘች። ልጆች ባሉበት ይህን አላነብብም። ለእናንተ ለመምህራን ግን የማነሣው፣ ቤት ማለት ግድግዳ ብቻ አለመሆኑን ስለሚያሳይ ነው። ለሴት ማደሪያ የሚሰጥ ሰው በውስጡ ማን ቁልፍ እንደሚይዝም ሊያስብ ይገባዋል። ወንድና ሴት ተቀላቅለው የሚያድሩበት፣ መዝጊያው ከውስጥ የማይቆለፍ መጠለያ ለወንዱ መጠለያ ቢሆን ለሴቲቱ ሌላ አደባባይ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ ቦዔዝን ተመልከቱ። ሩት መበለት ናት፣ ሞአባዊት ናት፣ የራሷ እርሻ የላትም፤ ከአጫጆች በኋላ ቃርሚያ ትለቅማለች። ቦዔዝ እህል እንድትለቅም ፈቀደላት ብለን እናስተምራለን፤ ልክ ነው። ነገር ግን ምዕራፍ 2 ቁጥር 9ን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። እህሉ ብቻ አይደለም የተጠቀሰው። ጎልማሶቹ እንዳይነኳት አዝዟል፤ ሲጠማትም እነርሱ ከቀዱት ውኃ እንድትጠጣ ነግሯታል። ይህ ሰው በእርሻ መካከል ብቻዋን የምትለቅም ሴት ከርኃብ ሌላ ምን እንደሚያሰጋት ያውቅ ነበር። ያቺ ሴት ምን ያስፈራታል ብሎ አሰበ፤ ምንስ ያሳፍራታል ብሎ አሰበ። ውኃ ለመቅዳት ከጎልማሶች ጋር መጋፋት፣ ወይም ተጠምቶ መዋል ሊሆንባት ነበር። እኔ ለብዙ ዓመታት ይህን ቁጥር ሳነብ ቦዔዝን ቸር ባለጠጋ ብቻ አድርጌ ነው ያየሁት። አሁን ግን ጥንቃቄው ከቸርነቱ ይልቅ ይደንቀኛል።

በከተማችን ሴቲቱ የምትጠማው ውኃ ምን እንደ ሆነ ሴት መምህራኖቻችን ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ፤ እኔ የሰማሁትን ብቻ እላለሁ። ወንዱ ከአጥር ጥግ ይቆማል፤ አሳፋሪ ቢሆንም ለምደነዋል። ሴቲቱ ግን እስኪጨልም ትጠብቃለች፤ ሲጨልም ደግሞ ጨለማው ራሱ ያስፈራታል። በመካከሉ እንዳይመጣባት ብላ ውኃ መጠጣት ታቆማለች፤ በዚህም ትታመማለች። የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ሳንቲም ይጠይቃል፤ ያ ሳንቲም የልጇ ዳቦ ነው። በየወሩ የሚመጣው ደግሞ ቀን አይሰጥም። ጨርቁን የምታጥብበት ውኃ፣ ሰው ሳያይ የምታሰጣበት ገመድ የላትም። እርጥቡን ትለብሳለች ወይም ከቆሻሻ ገንዳ ያገኘችውን ትጠቀማለች። እንግዲህ እኛ ኅዳር 12 ያቃጠልነው ፌስታል ዋጋው ምን ያህል እንደ ነበረ ታያላችሁ። ጌታችን አሥራ ሁለት ዓመት ደም ይፈስሳት የነበረችውን ሴት በሕዝብ መካከል ሲያገኛት አልተጸየፋትም፤ ልጄ ብሎ ጠራት (ማር. 5)። እኛ ግን ስለዚህ ጉዳይ በቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ ላይ መጻፍ ነውር ይመስለናል። ይህን ረቂቅ ያነበበልኝ አንድ ወንድም ካህን፣ ይህን አንቀጽ እንዳወጣው መክሮኝ ነበር። አላወጣሁትም።

ስለ እናትነቷ ደግሞ እንመልከት። በአገራችን የወለደች ሴት አራስ ትባላለች፤ ገንፎ ይገነፋል፣ አጥሚት ይፈላል፣ ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል፤ እልልታው ከደጅ ይሰማል። በመንገድ የወለደችውን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚላት ማን ነው? ከሐኪም ቤት በሁለተኛው ቀን ትወጣለች፤ የምትወጣውም ወደዚያው ወደ ካርቶኗ ነው። ብርዱ ሕፃኑን ለሳንባ ምች ያጋልጣል። ልጇ በእቅፏ ሲያለቅስ አላፊ አግዳሚው፣ «ለመለመኛ የተከራየችው ነው» ይላል፤ ይህን ከእኛ ምእመናን አፍ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጁን ይወስዱብኛል ብላ የምትፈራ እናት ከእርዳታ ሰጪው ትሸሻለች እንጂ ወደ እርሱ አትቀርብም። እመቤታችን ድንግል ማርያምም የወለደችው በጉዞ ላይ፣ ከናዝሬት ርቃ ነው፤ ወንጌላዊው ሉቃስ አዋላጅም ጎረቤትም አይጠቅስም። ሕፃኑን ራሷ እንደ ጠቀለለችው፣ ራሷም በግርግም እንዳስተኛችው ይናገራል። በልደት በዓል የምናዘጋጀው ግርግም በጥድና በአብረቅራቂ ወረቀት ስለሚያምር ይህን እንረሳዋለን። በ2025 እ.ኤ.አ. ያረፉት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2015 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተንን በጎበኙ ጊዜ ቤት ለሌላቸው ሰዎች ሲናገሩ፣ የእግዚአብሔር ልጅ ወደዚህ ዓለም የመጣው ቤት እንደሌለው ሰው ሆኖ መሆኑን አስታውሰዋቸው ነበር።

መምህራን ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝን አንድ ጥያቄ እዚህ ላይ ልመልስ። የልጇ አባት ያልታወቀ፣ ወይም አድራሻ የሌላት እናት ልጇን እንድናጠምቅላት ብትጠይቅ ምን እናድርግ? አንዳንድ ቦታ «መጀመሪያ አባቱን አምጪ» እንደሚባል ሰምቻለሁ። ይህ ስሕተት ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. የታወጀው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የቀኖና ሕግ (ቁጥር 681) የሚጠይቀው ልጁ በካቶሊክ እምነት እንደሚያድግ የተመሠረተ ተስፋ መኖሩንና ከወላጆቹ ቢያንስ የአንዱን ፈቃድ ነው። ያልተጋባች እናት ልጅ በመዝገብ እንዴት እንደሚጻፍም ያው ሕግ በቁጥር 689 ደንግጓል። ተስፋውን መመሥረት የእኛ ሥራ ነው፤ ክርስትና እናት የምትሆናትን መፈለግ፣ ትምህርቱንም እርሷ ባለችበት መስጠት ማለት ነው። በአጥራችን ሥር ያለችው እኅታችን ኦርቶዶክሳዊት ናት፤ ልጇም በአርባ ቀኑ በዚያው ተጠምቋል። ይህን የምጠቅሰው ማንም ሰው የምንረዳት ወደ እኛ ለመሳብ ነው ብሎ እንዳይጠረጥር ነው። ቦዔዝ ለሩት እህል ሲሰጥ ሞአባዊት መሆኗን አላጣራም፤ አስቀድሞ ያውቅ ነበርና።

የወረቀት ነገር ቀላል መስሎ ይታያል፤ ቀላል ግን አይደለም። የቀበሌ መታወቂያ አድራሻ ይጠይቃል፤ አድራሻ ቤት ይጠይቃል፤ ቤት ደግሞ መታወቂያ ይጠይቃል። በአዲስ አበባ በ1997 ዓ.ም. ምዝገባው የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር በዕጣው 30 በመቶውን ለሴቶች ለይቶ ነበር፤ ለብዙ እናቶችም በር ከፍቷል፤ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ለመመዝገብ የነዋሪነት መታወቂያ፣ ለመክፈልም ቁጠባ ያስፈልጋልና የጎዳናዋ ሴት ከመስመሩ ውጭ ናት። ባሏ የሞተባት ወይም የተፈታች ሴት ደግሞ ሕጉ ከጎኗ እያለ ሳታውቀው ትወጣለች። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተፈራው ሀብት የባልና የሚስት የጋራ መሆኑን ያውቃል፤ ሚስት ከዘመዶቹ ጋር ተጣልታ ልብሷን ብቻ ይዛ እንድትወጣ የሚያስገድዳት ሕግ የለም። ከምእመናኖቻችን መካከል የሕግ ባለሙያዎች አላችሁ። ይህን በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ለእናቶች ማኅበር አንድ ሰዓት ብታስረዱ፣ አንዲት ሴት ከቤቷ ሳትወጣ ሊያስቀራት ይችላል።

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። የእናት ቴሬዛ የፍቅር ልዑካን እኅቶች በ1973 እ.ኤ.አ. ወደ አዲስ አበባ መጥተው ከመንገድ ያነሡአቸውን ስንት ሰዎች በክብር እንዲሞቱ፣ ስንቶቹም በጤና እንዲኖሩ አድርገዋል። በሮም በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ አጠገብ በ2015 እ.ኤ.አ. ለድኾች መታጠቢያ ተከፍቷል፤ በዚያው አቅራቢያ ያለው ፓላሶ ሚልዮሪ የሚባለው ሕንፃም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤት ለሌላቸው ሴቶችና ወንዶች ማደሪያ ሆኗል፤ ቀደም ሲል በዚያ ቤት መነኮሳት ብቸኛ የሆኑ ወጣት እናቶችን ይንከባከቡ ነበር። እነዚህን የምጠቅሰው የእኛን አቅም ከሮም ጋር ለማወዳደር አይደለም። መታጠቢያ ማለት ግን እኛም ያለን ነገር ነው። በአዳራሻችን ጀርባ ለሠርግ እንግዶች ብለን ያሠራነው ባለ ሦስት ክፍል መጸዳጃና መታጠቢያ ከሰንበት እስከ ሰንበት ተቆልፎ ይውላል።

ይህን በቁምስናው ምክር ቤት ባቀረብሁ ጊዜ ሁሉም እሺ አላለም፤ እንዲህ ያለውን ክርክር መደበቅም አይጠቅምም። አንዱ፣ ግቢው ይቆሽሻል አለ። ሌላው፣ ዛሬ አንዷን ብናስገባ ነገ ሃምሳ ይመጣሉ አለ። አንዲት እናት፣ ልጆች ያሉን ሰዎች ነን፣ በሽታ እንፈራለን አሉ። የጽዋ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ደግሞ የውኃው ሒሳብ ከየት ይከፈላል ብለው ጠየቁ። ከሁሉ የተሻለው ጥያቄ የእርሳቸው ነበር፤ መልስ አለውና። ሃምሳ ይመጣሉ ለሚለው ግን፣ ሃምሳዎቹ አሁንም አሉ፤ ባንከፍትላቸው የሚጠፉ አይደሉም አልኩ። ክርክሩ ሁለት ስብሰባ ፈጀ። በመጨረሻ የተወሰነው ይህ ነው፦ መታጠቢያው ማክሰኞና ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ለሴቶች ብቻ ይከፈታል፤ ቁልፉን የሚይዙት የእናቶች ማኅበር አባላት በየተራቸው ናቸው፤ ጥበቃውም ሆነ ካህኑ በዚያ ሰዓት ወደ ጀርባው አይሄዱም። ሳሙናና ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ለወር አበባ የሚሆን ሞዴስም፣ በሣጥን ይሰበሰባል። ሣጥኑ በአዳራሹ መግቢያ ነው ያለው፤ ወንዶችም ብትጨምሩበት አያሳፍርም። የማጠቢያ ገመድ በግቢው ውስጥ፣ ከመንገድ በማይታይበት ጎን ተዘርግቷል። በመጀመሪያው ማክሰኞ አራት ሴቶች መጡ፤ በሁለተኛው አሥራ አንድ። ገመዱ አጭር ሆኖ ሌላ ተጨመረ።

ካርዱን በተመለከተ፣ ከመምህራኖቻችን አንዷ ነርስ ናትና እናቲቱን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች። የሕፃኑ ስም በጣቢያው መዝገብ ላይ ተገኝቶ አዲስ ካርድ ተጻፈለት፤ አንድ ክትባት ቀርቶት ነበርና እርሱንም በዚያው ዕለት ተከተበ። ካርዱ አሁን በላስቲክ ተጠቅልሎ በእናቲቱ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል።

የሌሊቱ ጉዳይ ግን አልተወሰነም። የአዳራሹን በረንዳ በብርዱ ወራት ልጆች ላሏቸው ሴቶች እንክፈት ወይስ አንክፈት የሚለው ለጥር ወር ጉባኤ ተላልፏል፤ ሌሊቱን ተራ የሚይዙ እናቶች መገኘት አለመገኘታቸው ይወስነዋል፤ ስማችሁን ለመስጠት የምትፈልጉ ለማኅበሩ ጸሐፊ ንገሩ። የእኅታችንን ስም አሁን አውቀዋለሁ፤ በዚህ ጽሑፍ ግን አላሰፍረውም፤ የእርሷ ነውና። ከምክር ቤቱ ስብሰባ በፊት፣ ከእኛ ምን እንደምትፈልግ ጠይቄያት ነበር። ብርድ ልብስ ትላለች ብዬ ነው የጠበቅሁት። በምዕራቡ በር ላይ ያለው አምፖል በአራት ሰዓት እንዳይጠፋ ነው የለመነችኝ፤ መብራት ለመቆጠብ ብለን እኛው ነበርን የምናጠፋው። ጥበቃው እስኪነጋ እንዲያበራው ተነግሮታል።